ደፍና ሽቬለ

ባዕድ ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ሰው ከሌላ አገር ገበያ አዲስ ዕቃ ሸምቶ የሚመለስ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ይዞት የሚመለሰው ከገዛ ቤቱ ጠፍቶበት የኖረውን ዕቃ ነው። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አግኝተነው ሳይሆን በራሳችን ደርሶ ስላየነው ነው። የደረሰብንም ነገር ለሥራ ባልደረቦቻችን ሊጠቅም ይችላል ብለን ስላሰብን፣ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ በዚህ መጽሔት ላይ ለማውጣት ደፈርን።

እኛ ስንል በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛችንን ገጥመን የምንሠራ ሦስት ጸሐፊዎች ማለታችን ነው። ሥራችን ፋይል መክፈት፣ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው። ከሦስታችን የአንዱ ባለቤት በጀርመን አገር ትኖራለች። ወደ እርስዋ ለመሄድ ከሚጠየቀው ማስረጃ አንዱ የቋንቋውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ማለፍ ስለ ሆነ፣ ጓደኛችን በ2016 ዓ.ም. ትምህርቱን ጀመረ። ብቻውን ማጥናት እንደ ከበደው ቢነግረን ሁለታችንም ተከተልነው። ለእኛ ፈተናም ቪዛም አልነበረብንም፤ ነገር ግን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዘን ስላልተቀመጥን፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈን በኋላ እንደ ገና ተማሪ መባሉ ደስ አሰኘን።

የምንማረው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ ከወጣን በኋላ፣ በካዛንቺስ በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር። አስተማሪያችን በጀርመን አገር የሕንፃ ሥራ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ሲሆን፣ በግቢው ካሉት ክፍሎች አንዲቱን ተከራይቶ ይኖር ነበር። የግቢውን እመቤት ሁላችንም እማማ እንላቸው ነበር። ትምህርቱ ሲጋመስ ቡና አፍልተው ይዘውልን ይመጣሉ፤ ዋጋውን ብንጠይቅ ይቈጣሉ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ስም ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራ ኢንቺስ የተባለ ድርጅት ነበረው። የድርጅቱ ቤቶች በጣልያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ወራሪው ተሸንፎ ወጣ፤ ስሙ ግን በሕዝቡ አፍ ተሟሽቶ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ከዚያው ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሳንወጣ ወደ ለገሐር ብንወርድ ደግሞ፣ ይህኛው ስም «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሆኖ ትርጓሜው ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። እንግዲህ ቤቱን በጣልያንኛ፣ ጣቢያውን በፈረንሳይኛ በጠራ ሰፈር ተቀምጠን የጀርመንኛ የቤት ቃል መማራችን ለአካባቢው እንግዳ ነገር አልነበረም። ከዚህም በላይ፣ እኛ የመንግሥት ጸሐፊዎች በመንግሥት ጸሐፊዎች ቤት ስም በተጠራ ሰፈር መማራችን ያሥቀን ነበር።

ጀርመንኛ ለስም ሁሉ ጾታ ይሰጣል። ወንዱን «ደር»፣ ሴቲቱን «ዲ»፣ ወንድም ሴትም ያልሆነውን «ዳስ» እያለ ይጠራዋል። ቤት «ዳስ ሃውስ» መሆኑን በሰማን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዱ «ሰዎቹ ቤት ከመሥራታቸው በፊት ዳስ ይጥላሉ ማለት ነው?» ብሎ ክፍሉን በሣቅ ሞላው። ጣራውም «ዳስ ዳኽ»፣ መስኮቱም «ዳስ ፌንስተር» ሲሆን ዳሱ በዛብንና ሠርግ ቤት የገባን መሰለን። በር ግን «ዲ» ሆና በሴት ወገን ተቈጠረች።

አስተማሪያችን በሰሌዳው ላይ ቤት ስሎ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲያሳየን ከቈየ በኋላ፣ ከበሩ ሥር የተጋደመውን በጠመኔው ነካ አድርጎ «ዲ ሽቬለ» አለና ጻፈ። ቀጥሎም ፊቱን ወደ እኛ መልሶ «በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?» ሲል ጠየቀን።

አንዳችን «መግቢያ» አልን። መግቢያማ ደጁ ሁሉ ነው አለን። ሁለተኛው «የበር ሥር» አለ። ሦስተኛው «ደረጃ» ሊል ጀምሮ ተወው። ሦስት ጸሐፊዎች፣ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስንጽፍና ስናነብ የምንውል፣ የበሩን አንድ አካል መጥራት አቅቶን ዝም አልን። በዚህ መካከል እማማ ጀበናና ረከቦት ይዘው ገቡና፣ ዝምታችን ምን እንደ ሆነ ጠይቀው ሲረዱ ቈመው ሣቁ።

«ይህ ሁሉ ጎልማሳ ተሰብስቦ ደፍ ጠፋው?» አሉ። «ደፍ ነዋ! ይኸው አሁን ተሻግሬው የገባሁት። በግራ በቀኝ የቆሙት መቃን፣ ከላይ የተጋደመው ጉበን። በየማታው እየረገጣችሁት ትገባላችሁ፣ ስሙን ግን ከፈረንጅ ትጠይቃላችሁ።»

መቃንና ጉበን እንኳ ከቤተ ክርስቲያን የሰማናቸው ነበሩ፤ በኦሪት ዘጸአት የፋሲካው በግ ደም የተቀባባቸው ናቸውና። ደፍም ብንሆን ፈጽሞ የማናውቀው ቃል ሆኖ አይደለም፤ ያሳፈረን ይኸው ነው። እናቶቻችን «ደፍ ላይ አትቀመጥ» እያሉ ያሳደጉንን ቃል፣ በተጠየቅን ጊዜ ከአፋችን አላገኘነውም። በግእዝ ደግሞ ይኸው ደፍ «መድረክ» ይባላል። ዛሬ ተናጋሪ የሚቆምበትን፣ ተዋናይ የሚጫወትበትን ከፍታ መድረክ ስንል፣ ጥንት የቤት ደፍ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

በዚያ ምሽት አስተማሪያችን ሊያጽናናን ይሁን ሊወቅሰን አናውቅም፣ ስለ ሁለት ሰዎች አጫወተን። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ጋር በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም ተዋወቀ። በ1652 እ.ኤ.አ. አባ ጎርጎርዮስ በጎታ መስፍን ተጠርተው ወደ ጀርመን አገር ሄዱና በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ሉዶልፍን አስተማሩት። መጀመሪያ የሚግባቡት በግእዝ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ከባሕር ቀሩ፤ ሉዶልፍ ግን የተማረውን ሳያባክን በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ። ከ370 ዓመት ገደማ በፊት አንድ የእኛ ሰው በጀርመኖች ቤት ተቀምጦ የአማርኛን ቃል ለጀርመኖች ሲያስቈጥር፣ እኛ በገዛ ቤታችን ተቀምጠን ደፍ ጠፋን። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በደብተራችን ከጀርመንኛው ቃል አንጻር አማርኛውን ሳንጽፍ ላናልፍ ተስማማን።

ሽቬለ ከተባለች በኋላ በየቦታው ታጋጥመን ጀመር። ጀርመኖች ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚጋደመውንም አግዳሚ በዚሁ ስም «ባንሽቬለ» ብለው ይጠሩታል። ይህን ስንሰማ ለገሐር ትዝ አለን። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ስንት ሰው በዚያ ወጣ፣ ስንት ሰው በዚያ ገባ! እኛም በልጅነታችን በሐዲዱ ላይ አግዳሚዎቹን እየቈጠርን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለልን እንጫወት ነበር። ለካ ስንዘል የኖርነው ከደፍ ወደ ደፍ ነው። ከድኅነት ወጥታ ከባለ ኢንዱስትሪዎቹ አገሮች ልትደርስ የቀረባትንም አገር «ሽቬለንላንድ» ይሏታል፤ በደፍ ላይ የቆመች አገር ማለት ነው። ይህንንም በደብተራችን ስንጽፍ ብዙ ተወያየን።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አስተማሪያችን አንድ ቀን «ሽቬለንአንግስት» የሚል ረጅም ቃል ጽፎ አስነበበን። አንግስት ፍርሃት ነው፤ ሁለቱ ሲገጠሙ የደፍ ፍርሃት ማለት ይሆናል። «ሰው ወደማያውቀው ቤት፣ ወደ ትልቅ ሱቅ ወይም ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ እግሩ አልሻገር የሚለው ነገር ነው» ሲል አስረዳን።

ቃሉን ጻፍነው። ከጻፍነው በኋላ ግን ማናችንም የሌላውን ዓይን ለማየት አልፈለግንም፤ ሦስታችንም ያሰብነው አንድ ሽማግሌ ነበርና።

እኒህ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ጡረታቸው ሲታሰብ በክፍለ ሀገር ያገለገሉት አራት ዓመት ስላልተቈጠረላቸው፣ የአገልግሎት ማስረጃ ይጻፍልኝ ብለው ወደ መዝገብ ቤታችን ይመጡ ነበር። በመጡ ቍጥር በደፉ ላይ ይቆማሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ፤ አንድ እግራቸው ከውስጥ፣ አንድ እግራቸው ከውጭ ነው። አንድ ቀን ፋይሉ አልተገኘም፣ በሳምንቱ ይመለሱ አልናቸው። በሳምንቱ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል አልናቸው። ሌላ ቀን መብራት የለም አልን። አምስት ጊዜ መጡ። ከአምስቱ ባንዱም ይግቡ አላልናቸውም፤ እርሳቸውም አልገቡም። ክፉ ቃልም አልወጣንም፤ ሁልጊዜ «አባባ» እያልን ነበር የምንመልሳቸው። ክፋታችን አንሥቶ ለማየት የማይመች፣ በትሕትና የተሸፈነ ክፋት ነበር።

እውነቱን እንናገር። ፋይሉ እንዳልተገኘ እናውቅ ነበር፤ እንዳልተፈለገ ግን አልነገርናቸውም። ከመጋዘኑ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ያሉት አሮጌ ፋይሎች አቧራ የበላቸው ስለ ሆኑ፣ መሰላል አቁሞ መፈለጉን አንዳችን ለአንዳችን እየተውነው ሦስት ወር አለፈ።

ደጅ ጥናት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጥንት ባለጉዳይ በመኳንንቱ ደጅ ወራትና ዓመታት ይጠና ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ ጉዳይ ሁሉ የሚታይበት የራሱ ቤት አገኘ። ነገር ግን ጉዳዩ ቤት ሲያገኝ ባለጉዳዩ ከደጅ መቅረቱ ስንት ቦታ አለ? ሰው የደፍ ፍርሃትን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አይወጣም። ፍርሃቱን የምናስተምረው እኛ ነን፤ ቀና ብለን ባለማየታችን፣ ወንበር ባለማቅረባችን፣ «ይግቡ» የምትለውን አጭር ቃል በመንፈጋችን እናስተምረዋለን።

በማግሥቱ ጧት ሳንነጋገር መሰላሉን አቆምነው። ሁለታችን ከላይ እያወረድን፣ አንዳችን ከታች እያነበብን ስንፈልግ፣ ፋይሉ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተደባልቆ እኩለ ቀን ሳይደርስ ተገኘ። ሦስት ወር ያስመላለሰው ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ማስረጃው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተምም ተደረገበት።

ሽማግሌው ግን አልመጡም። የስልክ ቍጥራቸውን ተቀብለን አልነበረም። ክረምቱ ወጣ፣ አዲሱ ዓመት ገባ። በኮሪደሩ ጫማ በተሰማ ቍጥር ቀና እንል ነበር፤ ደጅ መጥናቱ ወደ እኛ ዞረ።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሥራ ካዛንቺስ ደረሰ። በፋይሉ ላይ የተጻፈው የሽማግሌው አድራሻ እዚያው ካዛንቺስ ስለ ነበረ፣ ማስረጃውን በፖስታ አሽገን አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሄድን። የሄድንበት መንገድ የምናውቀው ነበር፤ ሰፈሩ ግን የምናውቀው አልነበረም። ቤቶቹ ፈርሰው፣ ቆርቆሮው ባንድ ወገን፣ በርና መስኮቱ በሌላ ወገን ተከምሯል። ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄዷል።

የተማርንበትን ግቢ ስንፈልግ ያገኘነው በደፉ ነው። ጣራው የለም፤ ግድግዳው የለም፤ መቃኑና ጉበኑ ተነቅለዋል። የእማማ ቤት ደፍ ግን፣ መካከሉ በብዙ እግር ተበልቶ የጎደጎደው ድንጋይ፣ በቦታው ተጋድሞ ቀርቷል። ዙሪያው ሁሉ ክፍት ሳለ፣ ሦስታችንም እግራችንን አንሥተን በዚያው በደፉ ላይ ተሻግረን ገባን። ለምን እንዲህ እንዳደረግን አልተጠያየቅንም። ያን ድንጋይ ማን እንዳኖረው አናውቅም፤ በእርሱ ላይ ግን ሙሽራ ገብቶበታል፣ አስከሬን ወጥቶበታል፣ እኛንም ያስተማሩን እናት ጀበናቸውን ይዘው ተሻግረውበታል። ሰፈር ሲታደስ አሮጌው መፍረሱ አይቀርም፤ የሚፈርሰውን በስሙ ጠርቶ መሰናበት ግን ለሚሠራውም ክብር ነው።

ሽማግሌውን ያገኘንላቸው የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ሰፈርተኛው ቢበተንም እድሩ አልፈረሰም ነበርና፣ ማን ወዴት እንደ ሄደ በእጅ በተጻፈ መዝገብ ይዘውታል። የእርሳቸውን መዝገብ ስናይ በራሳችን አፈርን። ስም ተናግረን ሳንጨርስ ገላን ጉራ መሆኑን ነገሩን።

በቀጣዩ እሑድ ሄድን። ሕንፃው አዲስ ነው፤ የቀለሙ ሽታ ገና አልወጣም። በሩ ክፍት ነበር። እኛ ግን ከበሩ ደርሰን ቆምን፤ ፖስታውን በእጃችን እንደ ያዝን፣ አንድ እግራችንን ከውስጥ፣ አንድ እግራችንን ከውጭ አድርገን።

«ግቡ እንጂ ልጆቼ! ምን ደፍ ላይ አቆማችሁ?» አሉን።

«ቤት ለእንቦሳ» አልን፤ ሌላ የምንለው ጠፍቶን።

«እንቦሳ እሰሩ። አረፍ በሉ።»

ማን እንደ ሆንን እስኪያውቁ ጥቂት ቈዩ። ካወቁን በኋላም ፊታቸው አልተለወጠም። ፖስታውን ከፍተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ማስረጃውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀን፣ ቍጥር፣ ማኅተም ሁሉ መረመሩ። ከዚያም እንደ ነበረ አጥፈው በጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ትቼው ነበር» አሉ። «የተውሁት ወረቀቱን አይደለም፤ መቆሙን ነው።»

«ይቅር ይበሉን፣ አባባ» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔም እኮ ጸሐፊ ነበርሁ። እኔም ያቆምሁት ሰው አይጠፋም። ወጣት ሳለሁ የቆመውን ሰው አላየውም ነበር፤ ወረቀቱን ነበር የማየው» አሉን። ቡናም ተፈላ። እስክንወጣ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ አላነሡም።

ማስረጃው ለጡረታ ጉዳይ ገብቷል፤ ውሳኔው ገና አልወጣም። ቀጠሮ በሆነ ቍጥር ከሦስታችን አንዳችን ፈቃድ ጠይቀን ከእርሳቸው ጋር እንሄዳለን፤ ተራ ሲደርስም አብረን እንቆማለን። ከዚያ ወዲያ መቆም እንደ ምን ያለ ነገር መሆኑን በጕልበታችን ዐውቀነዋል። ያጠፋነው ሦስት ወር በዚህ አይመለስም፤ ነገር ግን እርሳቸው ብቻቸውን እንዲቆሙ አላደረግንም።

በመዝገብ ቤታችንም ትልቅ ለውጥ አደረግን አንልም። አንድ አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን አውጥተን፣ ጠርገን፣ ከደፉ ወደ ውስጥ አኖርነው። ባለጉዳይ ሲመጣ «ምን ነበር?» ከማለታችን በፊት «ይግቡ፣ ይቀመጡ» እንላለን። የገባና የተቀመጠ ሰው በቀላሉ «ነገ ይመለሱ» የማይባል መሆኑን በሥራ አይተነዋል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያልና።

ጓደኛችን ፈተናውን አልፎ አሁን የጉዞውን ቀጠሮ ይጠባበቃል። በፈተናው ስለ ጣራና ስለ መስኮት ሲጠየቅ፣ ስለ ሽቬለ ግን አንድም ጥያቄ አልመጣበትም ነበር። አንተም አንባቢ ሆይ፣ ነገ ጧት ወደ ሥራህ ስትገባ ከበሩ ሥር የተጋደመችውን ተመልከት። ስሟ ደፍ ነው። የቆመባት ሰው ካለም አስቀድመህ አስገባው፤ ጉዳዩን ከገባ በኋላ ትጠይቀዋለህ።